የትምህርት ቤትን ወሬና ሒሳብ ለሕዝብ ስለ ማስታወቅ

ትምህርት ቤት በመንደር መካከል ቆሞ ሳለ፥ በውስጡ የሚሠራውን የመንደሩ ሰው ሳያውቀው የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ ጧት ይሄዳል፥ ማታ ይመለሳል፤ አባቱ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ቢለው «ተማርሁ» ብሎ ዝም ይላል። መምህራኑ ስንት እንደ ሆኑ፥ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ምን ያህል ገንዘብ እንደ መጣ፥ የፈረሰው ግድግዳ ለምን እስከ አሁን እንዳልተሠራ፥ ወላጆች ያዋጡት ብርና እንጨት የት እንደ ደረሰ የሚናገር አይገኝም። ነጋሪ ሲታጣ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያላወቀውን በግምት ይሞላዋል፥ ግምቱም እያደር እንደ እውነት ይቈጠራል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ያገር ሽማግሎች ስናቀርብ ልናስረዳ ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የትምህርት ቤት ወሬ ለባለቤቱ ለሕዝቡ በጊዜውና በሚገባው ቃል የተነገረ እንደ ሆነ ገንዘቡም ልጆቹም ይጠበቃሉ፤ ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ይባክናሉ። ለዚህ ነገር ከሩቅም ከቅርብም አገር ምስክር አለን። የውጭ አገሩን ዓመት የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ያገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

«ወሬ» የሚለውን ቃል ዛሬ ብዙ ሰው ሥራ ፈት የሚያወራው ነገር አድርጎ ይሰማዋል። የቀድሞ ጋዜጦቻችን ግን የሩቁንም የቅርቡንም ዜና «ወሬ» እያሉ ያትሙት ነበር፤ እኛም በዚሁ በቀናው ትርጓሜ እንጠቀምበታለን።

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በቀጥታ የሚያስተዳድራቸው ማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። አገሩ በብዙው ቦታ «የትምህርት ወረዳ» በሚባሉ ክፍሎች ተከፍሏል። ይህ ወረዳ በኛ አገር ወረዳ እንደምንለው የግዛት አስተዳደር ክፍል አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ብቻ የተቋቋመ፥ የራሱ ሒሳብና የራሱ ሸንጎ ያለው ነው። ሸንጎውን ቦርድ ይሉታል፤ አባሎቹንም አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪው ራሱ በድምፅ ይመርጣቸዋል። ለትምህርት ቤቱ ወጪ ከሚሆነው ገንዘብ ከፍ ያለ ክፍል በብዙው ግዛት የሚመጣው በነዋሪው ቤትና መሬት ላይ ከሚጣለው ግብር ነው። እንግዲህ ከፋዩ ሰው የሚከፍልበትን ነገር ሊያውቅ መፈለጉ አያስደንቅም። በ1940 ዓመት ገደማ እንዲህ ያሉ ወረዳዎች 117 ሺሕ ያህል ነበሩ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ የነበራቸው ነበሩ። መንገድ እየተሠራ ልጆች በአውቶቡስ መመላለስ ሲጀምሩ ትናንሾቹ እየተጠቃለሉ ሄደው ዛሬ 13 ሺሕ ያህል ቀርተዋል። ከቀሩትም መካከል ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ልጆች ብቻ ያሏቸው ትናንሽ ወረዳዎች ይገኛሉ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ቨርሞንት የምትባለውን ግዛት እንውሰድ። ቨርሞንት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፥ በካናዳ ድንበር ያለች፥ ተራራና ደን የበዛባት፥ ሕዝቧም ሰባት መቶ ሺሕ የማይሞላ ትንሽ ግዛት ናት። በዚያ አገር ከጥንት የቈየ የመንደር ጉባኤ የሚባል ሥርዓት አለ። በየዓመቱ በማርች ወር በመጀመሪያው ማክሰኞ፥ በኛ አቈጣጠር በየካቲት መጨረሻ ግድም፥ ነዋሪው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የመንገዱንና የትምህርት ቤቱን ወጪ ይሰማል፥ ይጠይቃል፥ ይከራከራል፥ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣል። ጉባኤውን የሚመራው ሕዝቡ የመረጠው ሊቀ መንበር ነው፤ ተናጋሪውም የሚናገረው ወደ ሊቀ መንበሩ ነው እንጂ ወደ ጎረቤቱ አይደለም፤ በዚህም ብዙ ጠብ ይበርዳል። ድምፁ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ ነገር ግን ሰባት መራጮች የጠየቁ እንደ ሆነ በወረቀት በምስጢር እንዲሆን ሕጉ ያዛል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የማስታወቂያው ሥርዓት ነው። ጉባኤው የሚነጋገርበት ጉዳይ ሁሉ በአንቀጽ በአንቀጽ ተጽፎ፥ ከጉባኤው በፊት ከ30 ቀን ባላነሰ ከ40 ቀንም ባልበለጠ ጊዜ፥ በመንደሩ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤትና ቢያንስ በሌሎች ሁለት ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች ሊለጠፍ ግድ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር በጉባኤው መካከል ቢነሣ ሊወራ ይችላል፤ ሕዝቡን የሚያስገድድ ውሳኔ ግን አይሰጥበትም። ስለ ምን ቢሉ፥ በቤቱ የቀረው ሰው ሳይሰማ ገንዘቡ ሊወሰንበት አይገባምና። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ በሌላ ቦታ ቸል የሚባለው ወረቀት በዚህ ቦታ እንደ ዳኛ ተቀምጧልና።

ከማስታወቂያውም ሌላ የዓመቱን ገቢና ወጪ የያዘ የታተመ መጽሐፍ ከጉባኤው 10 ቀን ቀደም ብሎ ለነዋሪው ይደርሳል። በመጽሐፉ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ወጪ፥ የተማሪው ቍጥር፥ ለመንገድ በረዶ መጥረጊያ የወጣው ገንዘብ ይገኛል። በዚያው ዓመት በመንደሩ የተወለዱትን፥ የተጋቡትንና የሞቱትን መዝግቦ ማተምም የቈየ ልማድ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚሰለቸው ሰው እንኳ የልጅ ልጁን ስም ለማየት ሲል መጽሐፉን ይከፍታል፤ ከከፈተም በኋላ ዓይኑ ሒሳቡ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሸንጎው በዓመቱ ውስጥ ስብሰባ ባደረገ ቍጥርም ቃለ ጉባኤው በአምስት ቀን ውስጥ ለማንም ጠያቂ እንዲታይ ሕግ አለ። ዛሬ ብዙ መንደሮች በጉባኤ መከራከሩን ትተው በታተመ ወረቀት ብቻ ድምፅ ወደ መስጠት ሄደዋል። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲህ መሆኑን ይወደዋል፤ በእኛ ግምት ግን ጥያቄና መልስ ሲቀር ከጉባኤው የሚገኘው ትምህርት ይጐድላል። እንዲያም ቢሆን ሸንጎው ከድምፁ ቀን በፊት ሕዝቡን ሰብስቦ ሒሳቡን ማስረዳት ግዴታው ነው።

ትንሽ የትምህርት ወረዳ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ለወላጆች የሚያወጣው ወሬ ግን ሁሉ ሒሳብ አይደለም። ነገ በረዶ ስለሚበዛ ትምህርት የለም ይላል፤ በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን አውቶቡሱ እስከ ኮረብታው ሥር ብቻ ይደርሳል ይላል። የሳምንቱ ምሳ ምን እንደ ሆነ፥ አዲስ ገቢ ሕፃናት የሚመዘገቡበት ቀን፥ ልጆቹ የሚያሳዩት ዝማሬና ቴአትር፥ ከሸንጎው አንድ ወንበር ባዶ መሆኑ፥ በአንድ ክፍል ቅማል መገኘቱና እናቶች የልጆቻቸውን ጠጕር እንዲያዩ መለመኑ፥ ሠላሳ ዓመት ያስተማረች መምህር በጡረታ መሰናበቷ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ይወጣል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሊሥቅበትም ይችላል። ነገር ግን ስለ አውቶቡሱና ስለ ምሳው እውነቱን እየነገረ ያስለመደ ትምህርት ቤት፥ «ዘንድሮ ገንዘብ ጐደለን» ያለ ቀን ይታመናል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ቈይቶ ገንዘብ ሲፈልግ ብቻ አፉን የሚከፍተው ግን ነገሩ እውነት ቢሆንም ሰሚ አያገኝም።

ይህ ሲባል ወሬ መንገር ችግርን ሁሉ ይፈታል ማለት አይደለም። በቨርሞንት የተማሪው ቍጥር ከ1997 እስከ 2015 ከ103 ሺሕ ወደ 78 ሺሕ ወረደ። ልጆች ሲያንሱ ለአንዱ ልጅ የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ይላልና በ2015 ትናንሾቹ ወረዳዎች እንዲጠቃለሉ የሚገፋ ሕግ ወጣ። አንዳንድ መንደሮች «ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ መንደራችንም አብሮ ይዘጋል» ብለው እስከ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉን አጸናው። በ2024 ማርች ደግሞ የቤትና የመሬት ግብር እጅግ ይጨምራል የሚል ግምት ከተሰማ በኋላ፥ ለድምፅ ከቀረቡት የትምህርት ቤት በጀቶች ሢሶ ያህሉን ሕዝቡ አልቀበልም አለ። ሸንጎዎቹም ወጪያቸውን ቀንሰው እንደገና ወደ ሕዝቡ መቅረብ ግድ ሆነባቸው። ለመምህራኑ ይህ መራራ ነበር። ሆኖም እምቢታው በግልጽ ተነገረ፥ ምክንያቱም ታወቀ፥ ምን ያህል እንደሚቀነስም ሁሉ ሰው በቍጥር አየው። በሹክሹክታ የሚደረግ እምቢታ ግን ግብር ባለመክፈልና ልጅን በቤት በማስቀረት ይገለጻልና ለማንም መልስ አይሰጥም።

በዚያው አገር መነገር የሌለበትም ነገር በሕግ ተለይቷል። በ1974 የወጣው ሕግ የአንድን ተማሪ የትምህርት መዝገብ ያለ ወላጁ ፈቃድ ለሌላ ሰው መግለጥን ይከለክላል። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሁሉ ነው፤ የልጁ ውጤት ግን የልጁና የወላጁ ነው ማለት ነው። በቋንቋ ረገድም እንዲሁ፥ እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ ትምህርት ቤቱ የሚለውን በሚገባው ቋንቋ ሊሰማ መብት አለው። ስለዚህ ያገራችን ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎምሪ በሚባለው አውራጃ፥ ምንም እንኳ የትምህርት ወረዳው ትንሽ ሳይሆን እጅግ ትልቅ ቢሆን፥ ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያ በአማርኛም ተተርጕሞ ይወጣል። እዚህ በገዛ አገሩ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሰምቶ የማያውቅ ሰው በባዕድ አገር በገዛ ፊደሉ ተጽፎ ሲደርሰው ምን እንደሚያስብ መገመት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ እንምጣ፤ የአሜሪካው ነገር ከኛ ኑሮ የራቀ ነው የሚል ሰው ይኖራልና። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የኡጋንዳ መንግሥት ለየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፥ ከመምህራን ደመወዝ ሌላ፥ ለመጽሐፍ፥ ለጠመኔና ለመሳሰለው ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ በተማሪ ቍጥር ልክ ይመድብ ነበር። ገንዘቡ ከዋናው ከተማ ወደ አውራጃ ጽሕፈት ቤቶች ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቶች ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። በዋናው መዝገብ ሲታይ ወጪው ጨምሯል፤ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሲሄዱ ግን ለውጥ አይታይም። ስለዚህ በ1996 ዓመት 250 የሚያህሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተመርጠው፥ ከ1991 እስከ 1995 ከማዕከሉ የተላከው ገንዘብ በትምህርት ቤቶቹ መዝገብ ከተገኘው ጋር ተመሳከረ።

የተገኘው ነገር ብዙውን ሰው አስደነገጠ። ከተላከው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው በአማካይ ከመቶ 13 ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ምንም አልደረሳቸውም። ገንዘቡ ሁሉ በግለሰብ ኪስ ገባ ማለት አይደለም፤ በየአውራጃው ሹማምንት እጅ እየቀረ ለሌላ ሥራ ይውል ነበር። ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ የቈየበት ምክንያት ቀላል ነው። የትምህርት ቤቱ ሹም ስንት እንደ ተመደበለት አያውቅም፤ ወላጁም ከመንግሥት የሚመጣ ገንዘብ መኖሩን አልሰማም። ያላወቀ ሰው «የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቱን ወጪ የሚበዛውን ክፍል ይሸከም የነበረው ደግሞ ይኸው ምንም ያልተነገረው ወላጅ ነበር።

መንግሥቱም በየወሩ ለየአውራጃው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጦች ማተም ጀመረ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትም የደረሰውን ገንዘብ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲለጥፍ ታዘዘ። በ2001 ዓመት እንደገና ሲመረመር ለትምህርት ቤቶቹ የሚደርሰው ገንዘብ ከመቶ 80 አልፎ ተገኘ። ይህን የመረመሩት ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ጋዜጣ ከሚሸጥበት ቦታ የሚቀርቡት ትምህርት ቤቶች ከራቁት ይልቅ መብታቸውን እንዳወቁና ገንዘባቸውንም አብልጠው እንዳገኙ ጻፉ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ኋላ መልሰው፥ በዚያው ዘመን የመንግሥቱ የገንዘብ አከፋፈል ሥርዓት ስለ ተሻሻለ፥ ከ1997 ጀምሮም ትምህርት ያለ ክፍያ ስለ ሆነና የሁሉ ዓይን ወደ ትምህርት ቤት ስለ ተመለሰ፥ ውጤቱ ሁሉ ለጋዜጣው ብቻ ሊሰጥ አይገባም ብለዋል። ይህም ትክክል ነው። ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፥ የሚያነበው ሰው፥ ያነበበውም የሚጠይቅበት ቦታ፥ ሲጠየቅም የሚመልስ ሹም ከሌለ ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ቢኖሩና ወረቀቱ ባይለጠፍ ጠያቂው በምን ይጀምራል?

ባገራችን የጥንቱ የየኔታ ትምህርት ቤት የተለጠፈ ወረቀት አልነበረውም፤ ወሬው ግን ከመንደሩ የተሰወረ አልነበረም። ተማሪው ቁራሽ ሲለምን በየደጁ ይታያልና ስንት ተማሪ እንዳለ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ኰበለለ እናቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። ልጁ ዳዊት የጨረሰ ቀን ቤተ ዘመድ ተጠርቶ ይደገሳል፤ ሕዝቡም በጆሮው ሰምቶ ይፈርዳል። ሰፈሩ ትምህርት ቤቱን የሚመግበው እሱ ራሱ ስለ ሆነ፥ የሚሆነውን ነገር ሊደብቁት አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን ገንዘቡ የሚመጣው በብዙ እጅ አልፎ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ማኅበረ ሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲካፈል ደነገገ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በጀት የማከፋፈሉ ሥልጣን ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ መርሐ ግብርም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቍጥር ልክ የሚሰጥ ድጎማ ተመደበ። በየትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት ተቋቋመ። ሥርዓቱ እንግዲህ አለ። የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጹ አዟል። የሚጐድለው ብዙ ጊዜ በኅብረቱ ሰባት ስምንት ሰዎችና በቀሩት አምስት መቶ ወላጆች መካከል ያለው የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ይህን እርምጃ ለመራመድ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሰሌዳ፥ ዝናብ የማያገኘው ጣራ፥ በወር አንድ ወረቀት ይበቃል። ከባዱ ነገር የሚጻፈውን ማወቅ ነው። «የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ በአግባቡ እየተከናወነ ይገኛል» ብሎ የለጠፈ ሰው ምንም አልነገረም። የሚጠቅመው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፤ ቍጥሩን ለማስረጃ ያህል ብቻ አስቀምጠነዋል።

«ለትምህርት ቤታችን ወላጆች። በጥቅምት ወር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ለማስኬጃ 18,000 ብር ደርሶናል። ከዚህ ውስጥ 6,500 ብር ለጠመኔና ለመጻሕፍት መደርደሪያ፥ 8,000 ብር ለአራተኛ ክፍል ጣራ ቆርቆሮ ወጥቷል፤ 3,500 ብር ተቀምጧል። እናንተ ካመጣችሁት 40 እንጨት 31 ሥራ ላይ ውሏል፤ 9 በጓሮ ተከምሮ ይገኛል። በመስከረም 212 ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ በዚህ ወር የተገኙት 187 ናቸው። ከቀሩት 25 ልጆች የሚበዙት ለአጨዳ የቀሩ ናቸው። የሁለተኛ ክፍል መምህር ተዛውረዋል፤ ምትክ ጠይቀናል፥ ገና አልመጣም። ደረሰኝ ማየት የሚወድ ሰው ሁሉ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። በሚመጣው እሑድ በ4 ሰዓት በዋርካው ሥር እንነጋገራለን።»

በዚህ ወረቀት ላይ ክፉው ወሬ ከደጉ ጋር እንደ ተጻፈ አስተውሉ። መምህር መጕደሉን ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ካልተናገረ ልጆቹ ማታውኑ ለእናቶቻቸው ይናገሩታል፤ ያን ጊዜ ነገሩ የተደበቀ ይመስላል። የጠፋ ዕቃ ቢኖርም እንዲሁ ነው። የቀሩት ልጆች ግን በቍጥር እንጂ በስም አልተጻፉም። በየደጃቸው ሄዶ አባትና እናታቸውን በለሆሳስ ማነጋገር የሽማግሎች ሥራ ነው። ስሙ በአደባባይ የተለጠፈበት ልጅ አፍሮ ፈጽሞ ይቀራል፤ በዓመቱ መጨረሻ የወደቁትን ልጆች ስም በሕዝብ ፊት መጥራትም ከዚህ አይለይም። የበረቱትን ማመስገን ይበቃል።

ቃሉ ያካባቢው ሰው የሚናገረው ይሁን። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት ቦታ በዚያው ቋንቋ ይጻፍ። ቃል ማስዋብ ለቅኔ ነው፤ የቆርቆሮ ዋጋ በቅኔ ሲነገር ሰውየው ወርቁን ሲፈልግ ሰሙም ያመልጠዋል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ወረቀቱ ምንም ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ማንበብ የምትችሉ ሽማግሎች እዚህ ላይ ትፈለጋላችሁ። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ ሕዝቡ ሳይበተን፥ በዕድር ስብሰባ፥ በገበያ ቀን ጮክ ብሎ ማንበብ የቀድሞው ነጋሪት ይሠራው የነበረውን መሥራት ነው። በእናቶች ዕድርና ማኅበርም እንዲነበብ ያስፈልጋል፤ ልጅን ለውኃና ለእንጨት ከማስቀረት ወይም ወደ ትምህርት ቤት ከመላክ ብዙ ጊዜ የምትቈርጠው እናት ናትና። ዛሬ በስልክ የሚላክ አጭር ጽሑፍና በቀበሌው ድምፅ ማጕያ የሚነገር ቃልም ይረዳል። ሆኖም በስልክ የመጣ ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ይለዋወጣል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ማኅተም የተመታበት ወረቀት ግን ማንም ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላል።

ጊዜውም ይታሰብበት። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለን ገበሬ ለግማሽ ቀን ስብሰባ መጥራት ባዶ ሜዳ ማነጋገር ነው። መዋጮ የሚጠየቀው እህል ከጐተራ ከገባ በኋላ ቢሆን፥ ካለፈው ዓመት መዋጮ የተሠራው ሥራም በዚያው ስብሰባ በዓይን ቢታይ፥ ሰው እጁን አይሰስትም። የቨርሞንቱን ሥርዓት እንዳለ ማምጣት አይቻልም፤ አንዱን ነገር ግን መውሰድ ይቻላል። ይኸውም ገንዘብ የሚጠየቅበት ስብሰባ ምን እንደሚጠይቅ ከወር በፊት ተጽፎ ይለጠፍ፤ በወረቀቱ ላይ ያልነበረ መዋጮም በዕለቱ በድንገት አይጠየቅ።

ሰዎች የሚጠይቁትንም ለመቀበል በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ይኑር፤ ጠያቂው መጻፍ ባይችል የተገኘ ሰው ይጻፍለት፤ መልሱም በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ ይውጣ። መልስ ያጣ ጥያቄ ቢኖር «ይህን ወረዳውን ጠይቀናል፥ እስከ አሁን አልመለሰልንም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ወረዳውም ይህ እንደሚጻፍ ሲያውቅ ቶሎ መመለስ ይለምዳል።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጡ። ወረቀቱ በሁለት ግልባጭ ይጻፍ፤ አንዱ ይለጠፍ፥ ሁለተኛው ቀን፥ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት በፋይል ይቀመጥ። በላዩም የተለጠፈበት ቀንና ቦታ፥ ያነበበውም ሽማግሌ ስም ይጻፍበት። የትምህርት ቤት ሹም ይዛወራል፥ የኅብረቱም ሰዎች ይለወጣሉ፤ አዲሱ ሹም ገብቶ «የቆርቆሮው ገንዘብ የት ደረሰ?» ተብሎ ቢጠየቅ ያን ፋይል አውጥቶ ወሩን ያሳያል።